የሐጅ ኑሩ ቦክሲና የኔ ስፌት

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ጎንደር ካለው ሱቄ በር ላይ አዲስ ፒካፕ አቁሞ ገባ። የወንበር ልብስ ሊያሰፋ ነበር። ጨርቅ አማርጠን ወንበሩን ልለካለት ስወጣ፣ ከኪሱ ሪሞት አወጣና ተጫነ። ጭነት የሚጫንበት ካሶኒ ላይ ተዘርግቶ የነበረው ክዳን ኮሽ ሳይል ወደ ጋቢናው እየተጠቀለለ ገባ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ልጁ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «እትዬ ዘሃራ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተው ያውቃሉ?» አለኝ።

ሳቄን ዋጥኩት። አንተ ሳትወለድ እንዲህ ያለው ክዳን በእጄ ተፈትቶ ተሰፍቷል ብለው መቼም አያምነኝም፤ ጉራ ነው ይል ነበር። ጉራስ ቢሆን? ላቤን ያፈሰስኩበት ጉራ ነው። «ያምራል» ብዬው ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ልቤ ግን ገዳሪፍ ገብቶ ነበር።

ገዳሪፍ ተወልጄ ያደግሁበት የሱዳን ከተማ ነው። አባቴ ይማም በወጣትነቱ ከመተማ ቆላ ተሻግሮ፣ በገበያው ጫፍ የሎሪ ሸራ እየሰፋ አሳደገን። ሰሊጥና ማሽላ የሚጭን ሎሪ ሁሉ ሸራ ይፈልጋል፤ ኸሪፍ፣ የሱዳን ክረምት ማለቴ ነው፣ ሲቃረብ ደግሞ ሾፌሩ ሁሉ ሸራውን ተሸክሞ እኛ በር ላይ ይሰለፋል። የአባቴ ስፌት ድርብ እጥፍ ነው። ጠርዙን ሁለቴ ያጥፈዋል፣ ክሩን በሰም ያሸዋል፣ ከዚያ በከባዷ የስፌት መኪና ሁለት መስመር ይሰድበታል። የይማም ስፌት ከተተረተረ ሸራው ራሱ አልቋል ማለት ነው ይሉ ነበር ሾፌሮቹ። ጠዋት ጠዋት ፉላችንን በሰሊጥ ዘይት አርሰን እዚያው ሸራው ላይ ተቀምጠን እንበላ ነበር። እስከ ዛሬ የሰም ሽታ ሲሸተኝ ይርበኛል።

ታዲያ የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። ለጊዜው አንድ ዘዴ አበጀን፤ እሱ በር ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ይቀበላል፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እሰፋለሁ። ስጨርስ ጣቱን በስፌቱ ላይ ያሳልፍና ትንሽ ከጠመመ «ፍቺው» ይለኛል። ደንበኛው የሱ እጅ ይመስለዋል። በኋላ ግን ሰው ማታለል ነው ብሎ ተወው፤ የስፌት መኪናዋንም ሾዋክ ከተማ ላለው ታናሽ ወንድሙ፣ ለአጎቴ ሰዒድ፣ ሊሰጥ ቃል ገባ። አጎቴ ወንዶች ልጆች አሉት፣ ሸራ ደግሞ የወንድ ሥራ ነው፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። እኔ ያኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ፣ ክንዴ የጠና፣ ምላሴም የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። ያቺን የስፌት መኪና እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት። ተቆጣሁ፣ ተለማመጥኩ፣ አለቀስኩም። ወይ ፍንክች! አጎቴ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሎሪ ይዞ ሊወስዳት ቀኑ ተቆረጠ።

የሐጅ ኑሩ ጉድ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሐጅ ኑሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ገዳሪፍ አንድ፣ ድንበሩ ላይ ገላባት አንድ ሱቅ ነበራቸው፤ በሁለቱ መካከል በፒካፓቸው፣ እኛ እንደ ሱዳኖቹ ቦክሲ በምንለው፣ ጣቃ ጨርቅ ሲያመላልሱ ይኖራሉ። የገላባት መንገድ ያኔ በበጋ ዓይን የሚያጠፋ አቧራ፣ በኸሪፍ ጎማ የሚውጥ ዋልካ ነው። ባለፈው ኸሪፍ ዝናብ ዕቃቸውን ስላበላሸባቸው፣ ድባይ ያለ ዘመዳቸው በሪሞት የሚዘረጋና የሚጠቀለል የካሶኒ ክዳን ላከላቸው። ወሬውን የሰማ ሁሉ ኢድሪስ ወርሻ፣ ጋራዡ ማለቴ ነው፣ ተሰበሰበ። ኢድሪስ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያደገ ኤርትራዊ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በአማርኛ ጀምሮ በዐረብኛ የሚጨርስ ደግ ሰው። ሐጅ ክዳኑ የመጣበትን ካርቶን ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም። ቢስሚላህ ብለው፣ ጆንያ በሚቀድዱበት ቢላ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቁት። ካርቶኑን ብቻ ሳይሆን ክዳኑንም።

ክዳኑ ጎማ መሳይ ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ከሥሩ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በአግድም ተደርድረውበታል። ቢላው ከሁለት ዘንጎች መካከል ገብቶ ክንድ ያህል ሸርክቶታል። ሐጅ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቢላውን አስቀምጠው፣ ቀስ ብለው፣ «ይማምን ጥሩልኝ» አሉ።

አባቴ ሲሰማ ወጣትነቱ የተመለሰ ያህል ነው የተነሳው። መሰናበቻ ሥራዬ ይሁን አለ። ኢድሪስ ክዳኑን ከጥቅልሉ ፈትቶ ሰጠን፣ ሱቃችን ወሰድነው፤ እኔ ከስፌት መኪናዋ ተቀመጥኩ፣ እሱ በጣቱ እየመራኝ እንደ ልማዱ ድርብ እጥፍ አሰፋኝ። ይህ ነገር የሚጠቀለል ነው፣ እጥፉ አይወፍርበትም ወይ ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ። ዕድሜውን ሙሉ ዝናብ ያላለፈበት ስፌት ነው፤ የሱ ክብርም እዚያው እጥፍ ውስጥ ነው። ዝም ብዬ ሰፋሁ።

ኢድሪስ እስከዚያው የካሶኒውን ሁለት ጎን በስቶ ክዳኑ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ በቡሎን አሰረ፤ የመጠቅለያውን ሳጥን ከጋቢናው ጀርባ ሰቀለ፤ ሽቦውን ከሥር አሳልፎ ከባትሪው አገናኘ። የቆመው ሰው ሁሉ ሐዲዱን ግራሶ ቀባው እያለ ይመክረዋል፤ እሱ ደግሞ የዚህ አገር አቧራ ግራሶ ላይ ካረፈ ሊጥ ይሆናል ብሎ እምቢ አለ። የሰፋነውን ክዳን መልሰን አመጣንለት፣ ከሳጥኑ ገባ። ሐጅ ሪሞቱን ተጫኑ። ክዳኑ ወጣ፣ ወጣ፣ ስፌቱ ከሳጥኑ አፍ ሲደርስ ቆመ። ሞተሩ ያቃስታል። አንዱ ጎን ቀደመ፣ ሌላው ቀረ፣ ከሐዲዱም ወጣ። «ኸላስ፣ ይበቃል ሐጅ፣ ሞተሩ ይቃጠላል» አለ ኢድሪስ። ከሰው መሃል አንዱ ሳቀ። አባቴ ሳቁን ሰማ። ሐጅ ለመከባበር ብለው፣ ከካርቱም ሰው አስመጣለሁ፣ አትጨነቅ አሉት። አባቴ ዕቃው ነው የማይረባው ብሎ ትከሻዬን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። አንጀቴን በላው።

እኔ ግን ጥፋቱን አይቼዋለሁ። እጥፉ ጨርቅ በልቷል፤ በተሰፋው በኩል ሁለቱ ዘንጎች ተጠጋግተው አንዱ ጎን አጥሯል። ውፍረቱም ከሳጥኑ ጠባብ አፍ አያልፍም። ለሎሪ ሸራ ይህ ሁሉ ምኑም አይደለም፤ ሸራ ይወጠራል፣ በገመድ ይታሰራል፣ አለቀ። ቤት ስንገባ እናቴ ሚስማር ይዞ የቀደደውን የጎረቤት ቶብ እየጠገነች ነበር። የሱዳን ሴቶች የሚለብሱት ቶብ ስስ ነው፣ ሲጠገን ጠባሳው መታየት የለበትም። እናቴ አታጥፈውም፤ ጠርዙን ከጠርዙ አግጥማ፣ በቀጭን ክር ከሥር ከሥሩ እየያዘች ታገናኘዋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያት ሠርቻለሁ። አባቴ ይህንን ከሙያ አይቆጥረውም፣ የሴት ጨዋታ ነው የሚለው። ቆሜ እጇን አየሁና ነገሩ በራልኝ።

«አባ፣ ስፌቱን ልፍታው» አልኩት።

«የኔን?» አለ።

«እንደ ቶብ ጠርዝ ከጠርዝ ልስፋው።»

«እንዲያ የተሰፋ ነገር ነፋስ ይከፍተዋል።»

«ከከፈተው አጎቴ የስፌት መኪናዋን ይውሰዳት፣ ትንፍሽ አልልም። ካልከፈተው ግን እኔ ዘንድ ትቅር።»

መልስ አልሰጠኝም። እምቢም አላለም። እኔ ዝምታውን እሺ ብዬ ተረጎምኩት፣ እንደሚመቸኝ።

በማግስቱ ወርሻው ስደርስ አባቴ ቀድሞኝ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ማን እንደመራው እንጃ። ኢድሪስ ክዳኑን ከጥቅልሉ ፈታልኝ፣ እኔም ምላጭ ይዤ ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ። በሰም የታሸ ክር ሲቆረጥ ጠቅ ይላል። ጠቅ ባለ ቁጥር አባቴ ጭንቅላቱን ዘንበል ያደርጋል። የሰው ጥርስ የምነቅል ይመስለኝ ነበር፤ ተይው፣ ቤትሽ ግቢ የሚል ሐሳብም መጣብኝ። ግን እጄ አላመነታም። ሥራውን እንደማውቀው አውቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ከኔ የተሻለ የሚሠራው ሰው በገዳሪፍ አልነበረም።

ጠርዞቹን አገጣጠምኩ። መርፌዬን ከሥር እያስገባሁ፣ የላዩን ፊት ሳልበሳ የጨርቁን ግማሽ ውፍረት ብቻ እየያዝኩ ሄድኩ፤ ካልተበሳ ውሃ በየት በኩል ይገባል? ኢድሪስ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ስስ ቁራጭ ቆረጠ፣ ፍቆ አሳሳው፣ የመጀመሪያው ስፌት የተወውን ቀዳዳ ጭምር እንዲደፍን ከሥሩ በማስቲሽ ለጠፍንበት። ከርከዴ እየጠጣን እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ መልሰን ጠቀለልነው። ሐጅ ሪሞቱን ለኢድሪስ ሰጡት፣ እሳቸው ፈርተዋል። ክዳኑ ወጣ። ስፌቱ ከሳጥኑ አፍ ወጣ፣ አለፈ፣ እስከ ካሶኒው ጫፍ ደርሶ ቀጥ አለ። ተመለሰ። ደግሞ ወጣ። «ዘሃራ ያ ኡኽቲ፣ ጨርሰሻል» አለኝ ኢድሪስ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

አባቴ ግን ዝናብ ሳያየው አልጨረሰችም አለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የኸሪፉ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ፣ የገዳሪፍ ዝናብ፣ ነፋሱን አስቀድሞ ቆርቆሮ እየገነጠለ የሚመጣው። ሐጅ አንድ ጣቃ ነጭ አቡጀዲ ከክዳኑ ሥር አስገብተው ቦክሲውን ሜዳ ላይ አቆሙት። እኔ ወርሻው ደጃፍ ቆሜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ደገምኩ። ሲያባራ ሐጅ የኋላውን መዝጊያ አውርደው ጣቃውን ጎትተው አወጡ። ደረቅ ነው። አልሐምዱሊላህ ብለው አቡጀዲውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉት።

አባቴን እጁን ይዤ አቀረብኩት። ጣቱን በረጠበው ክዳን ላይ አሳለፈ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ሁለት ትውልድ ሾፌር ያከበረው ጣት ነው።

«ስፌቱ የት ጋ ነው?» አለኝ።

«ከጣትህ ሥር ነው አባ» አልኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ፤ ኢድሪስ ዝናብ ነው ብሎ አለፈልኝ።

በማግስቱ አጎቴ ሰዒድ እንደ ቃሉ ከጁምዓ በኋላ ሎሪ ይዞ መጣ። ተሸካሚ ሳይቀር ይዟል። ሰላምታው ረዘመ፣ የሾዋክ ዝናብ ተወራ፣ በመጨረሻ የስፌት መኪናዋን እንጫን አለ። አባቴ መቁጠሪያውን እያሽከረከረ፣ ጭንቅላቱን ቀና ሳያደርግ፣ «ባለቤቷን ጠይቃት» አለው።

አጎቴ ዞር ዞር ብሎ ሰው ፈለገ። ቤቱ ውስጥ ከአባቴና ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

«አጎቴ፣ የስፌት መኪናዋ አትሄድም» አልኩ። «ምሳ ግን ደርሷል፣ ይግቡ።» ኪስራ፣ የሱዳኖቹን ስስ እንጀራ፣ በባሚያ በላን። አጎቴ እየበላ ስቆ ስቆ ሊሞት ነበር፤ ባዶ ሎሪውን ይዞ ተመለሰ።

አባቴን ከቀበርነው ብዙ ዓመት ሆነ። እኔም በሱዳን ጦርነት ሰው ሁሉ ሲሸሽ ወደዚህ ተሻግሬ፣ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭኜ በገላባት አልፌ፣ ጎንደር ሱቅ ከፈትኩ። ደንበኞቼ እጅሽ ይባረክ ይሉኛል፣ ደስ ይለኛል። አባቴ አንድም ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ስፌቱ የት ጋ ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ በማግስቱ ወንድሙን ባለቤቷን ጠይቃት አለው፤ ከሱ ያገኘሁት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ መርፌ ለመያዝ የማንንም ፈቃድ ለምኜ አላውቅም።