የማርቆስ እሑድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ አንድ ባልዲ ነው። ጅማ ሄርማታ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ፣ የአንድ ነጋዴ ቤት የፎቅ ወለል አርማታ ተሞልቶ አድሯል። አለቃዬ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። በመሰላሉ አስወጥተውኝ እርጥብ የቡና ጆንያ የተነጠፈበትን አርማታ አሳዩኝና፣ «ይሄ እንደ አራስ ነው። ሰባት ቀን ብቻውን አይተውም» አሉኝ። ግንብ መገንባት የጀመርኩት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ የተማርኩት ውሃ ማጠጣት ነበር።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። አርማታ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ካልጠጣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። እኛ ዘንድ አሮጌ የቡና ጆንያ ሞልቷልና እሱን እናለብሰዋለን፤ ጆንያው ውሃውን ይይዝለታል።

በዚህ ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየሁ፤ በኋላም ፎርማን ሆንኩ። ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡና መጋዘንና የቡና ማጠቢያ ገንዳ ስሠራ ኖሬ ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ቤቴ ተቀመጥኩ። የአለቃዬን ቃል ግን በእጄ ላለፈ ሠራተኛ ሁሉ ሳልነግር የቀረሁበት ጊዜ የለም።

ገና ፎርማን ሳለሁ ማርቆስን ያመጡልኝ አባቱ አቶ ላምቤቦ ናቸው። ከሆሳዕና በኩል መጥተው ጅማ ሰቶ ሰመሮ የሰፈሩ፣ ጣውላ መሰንጠቂያ ቤት የሚሠሩ ሰው ነበሩ። «ጋሽ ከድር፣ ይሄን ልጅ ሙያ ያስይዙልኝ» አሉኝ። ልጁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

«ሜ፣ እስቲ እጅህን አሳየኝ» አልኩት። አሳየኝ።

«ምን ትችላለህ?»

«ገና ምንም አልችልም። ሲያሳዩኝ ግን አልረሳም» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የሱን ግድግዳ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ መመርመር ተውኩ። «አንተ ልጅ ቱንቢ ውጠሃል እንዴ?» እለው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ዓርብ ጁምዓ ስሄድ ባልዲውን ከእጄ ይቀበለኛል። «ይሂዱ ጋሽ ከድር፣ እኔ አለሁ» ይለኛል። አንድም ዓርብ ሰግጄ ስመለስ ደርቆ የጠበቀኝ አርማታ የለም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር።

ሊሙ ገነት የቡና ማጠቢያ ገንዳ አርማታ ሞልተን ሦስተኛው ቀን እሑድ ዋለ። የማጠጣቱ ተራ የማርቆስ ነበር። ቅዳሜ ማታ መጥቶ፣ «ነገ ጸሎት ቤት ደርሼ ልምጣ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሠራተኛው በሞላበት፣ «አርማታውም ክርስቲያን ሆነና እሑድ ሊያርፍ ነው?» አልኩት። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። በማግሥቱ በጠዋት ተነስቶ ገንዳውን በደንብ አጠጥቶ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ነፋስ ተነስቶ ጆንያውን ገለጠው። ቀትር ላይ ሲመለስ አንዱ ግድግዳ ጫፍ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወጥቶበታል።

እኔ ያን ጠዋት የት ነበርኩ? ተጣርቶ በሚሰማበት ርቀት ሻይ ቤት ተቀምጬ ከአንድ ቡና ነጋዴ ጋር ወሬ ላይ ነበርኩ። ባልዲው እግሬ ሥር ነው ማለት ይቻላል።

ሰኞ ጠዋት መዶሻ አስይዤው ያንን ግድግዳ በሰው ፊት ለብቻው አስፈረስኩት። አንድ ቀን ተኩል ፈጀበት። መዳፉ ውሃ ቋጠረ። ሲጨርስ መዶሻውን ጠርጎ መለሰልኝና፣ «ጋሽ ከድር፣ ሁለተኛ አይደገምም» አለኝ። አልደገመውም። እኔም ጥሩ አድርጌ ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ለውትድርና ተመዘገበ። ሙያ ስላለው ከመሃንዲስ ክፍል መደቡት፤ የፈረሰ ድልድይ ይጠግኑ ነበር። አባቱ ግቢ ለራሱ አንዲት ክፍል ጀምሮ ግድግዳዋን አቁሞ ነው የሄደው። አንድ ጊዜ ደወለልኝ። «እዚህም አርማታ እንደ አራስ ነው ስላቸው ሳቁብኝ» አለኝ። «ይሳቁ፣ አንተ ሥራህን አትልቀቅ» አልኩት። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር።

የማርቆስ መርዶ ሲመጣ ሰቶ ሰመሮ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከአቶ ላምቤቦ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ለገባው ሰው ሁሉ የሚያነሱት አንድ ነገር ነበር። «ጓዶቹ ሁሉ ወጥተዋል አሉ። እሱ ለምን ቀረ? ጥለውት ሄዱ ወይ?»

ከወራት በኋላ አንድ የሚያነክስ ወጣት ቤቴን ጠይቆ መጣ። አሥር አለቃ ግርማ እባላለሁ አለኝ፤ ከማርቆስ ጋር በአንድ ክፍል ብረት አሳሪ ነበር። ሻይ ቀረበለት፤ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

«የድልድዩን ምሰሶ አርማታ ከሞላን ሦስተኛ ቀናችን ነበር» አለ። «ውጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። መኪና ላይ ወጥተን እሱ ወረደ። ‹ጆንያውን አርጥቤ ልምጣ፤ አርማታ ብቻውን አይተውም› አለን። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀው። አልተውነውም ጋሼ። የከባድ መሣሪያ ጥይት እሱ ያለበት ላይ ወደቀ። እኔንም እግሬን ያገኘኝ ላነሳው ስሮጥ ነው።»

ኢና ሊላሂ አልኩ።

«ለአባቱ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ» ብሎኝ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ያመኛል አልኩ፣ ዝናብ ነው አልኩ። ፈርቼ ነው። አቶ ላምቤቦ ደግሞ እዚያ ተቀምጠው ልጄን ጓዶቹ ጣሉት እያሉ ነው። በመጨረሻ የማርቆስን ክፍል ልጨርስላቸው ብዬ ሄድኩ። ከድሮ ሠራተኞቼ ሁለቱን ይዤ ዓርብ ጠዋት ከግድግዳው አናት ላይ ግድግዳዎቹን የሚያስረውን አርማታ ሞላን፤ ጆንያም አለበስነው።

ቅዳሜ ላጠጣ ስመጣ አቶ ላምቤቦ ባልዲ ይዘው መሰላሉ ሥር ቆመዋል። እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው።

«አቶ ላምቤቦ፣ ማርቆስን ማንም አልጣለውም። ጓዶቹ እየጠበቁት ነበር። የቀረው እኔ ያስተማርኩትን ሊያደርግ ነው።» የሊሙ ገነቱንም አልደበቅኩም፤ ሻይ ቤቱንም፣ መዶሻውንም ነገርኳቸው።

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣ «እርስዎ ዓርብ ሲሄዱ ማን ያጠጣ ነበር?» አሉኝ።

«እሱ።»

«እሱ እሑድ ሲሄድስ?»

እንባዬ መጣ፤ ከሳቸው ፊት አልሸሸግኩትም።

ባልዲውን አቀበሉኝ። አጠጥቼ እስክወርድ መሰላሉን ያዙልኝ። «ጓዶቹ ካልጣሉት ደህና» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ፣ «ነገ እሑድ ነው። እኔ ጸሎት ቤት ነኝ። እርስዎ መጥተው ያጠጡ» አሉኝ።

መጣሁ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አጠጣሁ።

ለአሁን ፎርማኖች የምለው አጭር ነው። አርማታ ሰባት ቀን ውሃ ይፈልጋል፤ ይህ አልተለወጠም። ተራውን ግን ከሠራተኛው ጋር ተካፈሉ። አርማታ ቢሰነጠቅ ይፈርስና እንደገና ይሞላል። ሰው ስታስተምሩ መቼ ጥሎ መሄድ እንዳለበትም አብራችሁ ንገሩት። እኔ ለማርቆስ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩት።