«ነይ በያት»

ዲላ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነበር። ዝናቡ በበሩ ሥር እየገባ፣ የቀረው ደረቅ ቦታ አንድ ጥግ ብቻ ነው። እዚያ ጥግ የተቀመጡ፣ በገበያ ጸብ የታሰሩ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አሸባሪ ይዘናል ሲሉ የሰማሁት አንቺን ነው? እኔ እኮ ጎረምሳ ያመጡ መስሎኝ ፈርቼ ነበር!»

ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። መሳቅ ግን አቃተኝ።

ያስያዘኝ ሲም ካርድ ነው። ኢዲዶ በሚባለው ቀበሌያችን፣ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አብራኝ ቡና የምትለቅም ጓደኛዬ መታወቂያ አልነበራትም። እኛ ዘንድ መታወቂያ ያላት ለሌላት ሲም ታወጣለች፤ እኔም በስሜ አወጣሁላት። እሷ ደግሞ ስልኳን ለለመናት ሁሉ ታውሳለች። ከዚያ ቁጥር አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ፖሊስ ለሚፈልገው ሰው ደውሎ ኖሯል።

ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ላስቲኩ ገና ያልተላጠ ኮምፒውተር ነበር።

«ይሄ ስምሽን አውጥቶታል። ኮምፒውተር አይዋሽም።»

«ስሙ የኔ ነው። ስልኩ ግን እኔ ጋ አይደለም» አልኩ። ድምፄ አልሰማ ብሎት ደጋግሞ አስደገመኝ።

«ማን ጋ ነው ታዲያ? እኛ ስንደውል አንዲት ሴት አንስታ ትዘጋዋለች።»

ስሟን አልጠራሁለትም። ጓደኛዬ የሚጠባ ልጅ አላት። ሕፃኑ ያ እርጥብ ወለል ላይ ታየኝ።

ኮምፒውተሩ የኔን ስም እንጂ እሷ ያለችበትን አያውቅም። ስለዚህ የተቀማሁትን የራሴን ስልክ አስጨበጠኝ።

«ደውዪላት። ዲላ መናኸሪያ ነይ በያት። በጌዴኦኛ አይደለም፣ በአማርኛ።»

ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። ጠራ።

«አንቺ! የት ጠፋሽ? ምሳሽን እኮ በላሁልሽ!» አለች እየሳቀች። ሕፃኑ ከኋላዋ ይነጫነጫል።

መርማሪው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ሰው ፊት ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ማንም ሳያስደግመኝ ተሰማሁ።

«ፖሊስ አጠገቤ ነው። እንዳትመጪ።»

መርማሪው ስልኩን ነጥቆ በጥፊ መታኝ። ተፈትቼ ኢዲዶ ስመለስ ጓደኛዬ እዚያ አልነበረችም፤ ልጇን አዝላ ወደ ዘመዶቿ ሄዳለች አሉኝ። የት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዛሬም ስልክ ሳነሳ ቶሎ አልናገርም። ከደወለልኝ ሰው ጎን ሌላ የሚተነፍስ ሰው እንዳለ መጀመሪያ አዳምጣለሁ።