ውኃ አይንካው የተባለው እግር

የጀመረኝ በማሳከክ ነው። የግራ እግሬ አውራ ጣትና ቀጥላ ያለችው ጣት መካከል፣ ሌላ ቦታ የለም። ቀን ቀን ሲቀላ በሚባለው ገበያ ቅቤዬን ዘርግቼ ስውል እረሳዋለሁ፤ ማታ ግን በአልጋው ጠርዝ ካልፈተግኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ቀጥሎ የውስጥ እግሬ ይነድ ጀመር። ጠዋት ልክ የሆነው ጫማ ማታ አልገባም ይላል። እኔ የምሰድበው ጫማውን ነበር።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ቅቤ እየመዘንኩ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። እግሬ ቀላ፣ ጋለ። አንሶላ ሲነካው እንኳ እጮኻለሁ።

እዚህ አርባ ምንጭ የተንቀጠቀጠ ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል። ጎረቤቶቼ ወባ ነው አሉ፣ እኔም ወባ ነው አልኩ። ደሜ ተመርምሮ ወባ የለብሽም ስባል መርማሪውን ነው የጠረጠርኩት። ደጋው ላይ፣ ገረሴ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ደግሞ በስልክ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ላከችልኝ። ጨምቄ ጠጣሁ፣ ተቀባሁ፣ ታጠንኩ። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ሲለቀኝ የተመሰገነው ዳማ ከሴው ነው። ግን ትኩሳቱ እየተመላለሰ ይነሳብኝ ነበር፤ በተነሳ ቁጥርም እግሬ ላይ ትንሽ እብጠት ጨምሮልኝ ይሄዳል። ደጋው ምች ነው አለ፣ ቆላው ወባ ነው አለ፤ እግሬን አገላብጦ ያየ ሰው አልነበረም።

እግሬ እንደ ግንድ ሲወፍር እትዬ ዘነበች ከገረሴ ማዶ ወዳለ መድኃኒት አዋቂ ወሰደችኝ። ሰውዬው ገና ሲያየኝ የተጣለ ነገር ረግጠሻል አለኝ። በምላጭ በጣው። በዋግምት ደም መጠጠ። የተወቀጠ ቅጠል በቅቤ ለውሶ ቀባኝ። ቅቤው የራሴ ነበር፣ ምርጡን ይዤለት ነው የሄድኩት። ሲሸኘኝ ደግሞ አጥብቆ አዘዘኝ፤ ውኃ እንዳይነካው፣ ከነካው በሽታው ወደ ሆድሽ ይወጣል አለ።

ሰውዬውን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማወራው። እንዲያድነኝ ለምኜው፣ የሚያውቀውን አደረገልኝ። እኔም ትእዛዙን እንደ ጾም ጠበቅኩት። የተበጣው ቆሰለ። ቁስሉ መግል ያዘ። እግሬ ሸተተ። አንድ የቆየች ደንበኛዬ ቅቤውን አሸተተችና፣ ዛሬስ ቅቤሽ ተበላሽቷል ብላ ሄደች። ቅቤው አልነበረም።

በዚህ መሃል ለልጄ ለምሕረት ሽማግሌ ተላከ። የልጁ ቤተሰቦች ጫኖ በሚባል ቆላ ሙዝና ማንጎ የሚያለሙ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ በዘራችሁ የእግር በሽታ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ ዘነበች የለም አለች። ሲሄዱ ዕቅዷን ነገረችኝ። በሠርጉ ቀን እኔ ጓዳ እተኛለሁ፣ ወባ ይዟታል ይባላል። በእናት ወንበር ላይ እሷ ትቀመጣለች፣ ሙሽሮቹም የሷን ጉልበት ይስማሉ።

የምሕረት አባት አርፏል። ልጄ ጉልበቱን የምትስመው የቀረ ወላጅ እኔ ብቻ ነኝ። ወደ ምሕረት ዞርኩ፣ እንድትናገርልኝ። ዝም አለች። ከምላጩ ይልቅ ዝምታዋ አመመኝ።

እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ገበያ የሚያውቀኝ ይመሰክራል። በነጋታው ለማንም ሳልናገር እግሬን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰው መስኮት ሲከፍት አየሁ። አልወረድኩም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያየኝ ሐኪም በዕድሜ ልጄ የሚሆን ነው። አፍንጫውን አልያዘም። እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈተ፣ ከዚያ የት እንዳደግኩና አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ። ገረሴ፣ ቀይ አፈር፣ ጫማ የምናደርገው ለቤተ ክርስቲያን ነበር አልኩት።

“እናቴ፣ ይህ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል” አለኝ። “እርግማን አይደለም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቀዩ አፈር በቆዳዎ ገብቶ ሊምፍ የሚባለውን የፈሳሽ መተላለፊያ ጎድቶታል። ወባ ያሉት ትኩሳትም በተሰነጠቀው ቆዳ ጀርም እየገባ ከዚሁ ከእግርዎ የሚነሳ ነው።”

ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

“ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም። በየቀኑ ከታጠቡ ግን ይቀንሳል፣ ትኩሳቱም ይርቅዎታል።”

ለቁስሉ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝና ወደ ነርሷ ላከኝ። ነርሷ ሳፋና ሳሙና አቀረበች። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። መድኃኒት ፍለጋ መጥቼ የልብስ ሳሙና! ልብስ ላጥብ ነው እንዴ የመጣሁት አልኳት። ሳቀችና እግሬን ይዛ ውኃው ውስጥ ከተተችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። በሽታው ወደ ሆዴ ሲወጣ እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። ምንም አልወጣም፤ ውኃው ብቻ ጠቆረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ከገበያ ስመለስ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት፣ እግሬን በሳሙና አጥቤ፣ ነርሷ በለካችልኝ መጠን በረኪና ጠብ ያለበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክሬው እቆያለሁ፤ ከዚያም በጣቶቼ መካከል ያለውን ርጥበት በጨርቅ አደርቅና ቫዝሊን ተቀብቼ፣ ፋሻውን ከጣቶቼ ወደ ላይ ጠቅልዬ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ወሬ አወራለሁ። የመድኃኒት አዋቂው ቅቤ ከቫዝሊኑ ብዙም የራቀ አልነበረም ስላት ነርሷ ሳቀች፤ የጎደለው መታጠቡ ነው አለችኝ። የሰለቸኝ ጊዜ ነበር። እብጠቱ የማይቀንስ መስሎኝ ሳፋውን በእርግጫ ያልኩበትም ቀን አለ፤ ግን መልሼ ሞላሁት። ቀስ በቀስ ሽታው ጠፋ፣ ቁስሉ ገጠመ፣ ቆዳዬ ለሰለሰ፣ ንፍፊቱም ተመልሶ አልመጣም። ፋሻ መጠቅለሉን ምሕረት ከእኔ ቀድማ ቻለችበት። አንድ ማታ እየጠቀለለች፣ “እማዬ፣ እንድትደበቂ ፈልጌ አይደለም ዝም ያልኩት፣ ፈርቼ ነው” አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

የቀረው ውሸቱ ነበር። ምሕረትን አማክሬ፣ እትዬ ዘነበች እያኮረፈች፣ ሽማግሌዎቹን አስጠራሁና የነገርናችሁ እውነት አይደለም አልኩ። በሽታውን በስሙ ጠራሁላቸው። እንደማይተላለፍ፣ ለበሽታው የሚያጋልጥ ነገር በዘር ቢኖር እንኳ ሰው እግሩን ከአፈሩ ከጠበቀ እንደማይዘው ሐኪሙ ያስረዳኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ተመካክረን እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ቀኑ አልፎ ቀን ተተካ፣ ድምፃቸው ጠፋ። ምሕረት ምግብ ቀነሰች። ልጄን በገዛ አፌ አስቀረኋት ብዬ ራሴን ረገምኩ፤ ያም ሆኖ ማታ ማታ መታጠቤን አልተውኩም።

በመጨረሻ የመጣችው የልጁ እናት ናት፣ ብቻዋን። ትውልዷ እንደ እኔ ደጋ ነው፣ ጫኖ የወረደችው በትዳር ነው። ሰላምታ እንኳ ሳታስረዝም እግርሽን አሳዪኝ አለች። ፋሻዬን ፈታሁ። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች፣ ተመልሳ ተቀመጠችና ካልሲዋን አወለቀች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ጣቶቿ መሃል ተሰነጣጥቋል።

“ባሌ አያውቅም፣ ልጄም አያውቅም” አለችኝ። “ሽማግሌዎቹን ያን ጥያቄ ያስጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይጠይቀኝ ብዬ።”

ተነስቼ ሳፋውን ሞላሁት።

ሽማግሌዎቹ እሺታቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ሠርጉም ተደረገ። በእናት ወንበር ላይ ሽፍን ጫማ አድርጌ፣ ፋሻዬን አጥብቄ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ቆማ ነጠላዬን ታስተካክል ነበር። ልጄ ጎንበስ ብላ ቀኝ ጉልበቴን ሳመች፣ ከዚያ ግራውን። ግራው ላይ ቆየች።

ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ ፋሻ የያዘችልኝን ልጄን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳማ ከሴ ዛሬም ደጄ ተተክሏል፣ ጉንፋን ሲይዘኝ እጠጣዋለሁ። እግር ሲያብጥ ግን በምላጭ አታስበጡት፣ ውኃም አትከልክሉት። ትኩሳት በመጣ ቁጥር ወባ ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱና ካልሲያችሁን አውልቁ። ለልጆቻችሁ ጫማ አድርጉላቸው። እናንተም እግራችሁን ታጠቡ፣ ወንበራችሁንም ለማንም አትልቀቁ።