በብሎን ብቻ የታሰረ ሐዲድ

ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሮቤ ተወልጄ፣ ሮቤ የእንጨት ሥራ ተምሬ፣ እዚያው ወርክሾፕ የከፈትኩ ሰው ነኝ። ስለ ሐዲድ የማውቀውን ያስተማረኝ አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ድሬዳዋ ያደገ፣ አባቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ላይ የሠሩ፣ በምደባ ወደ እኛ የመጣ ሰው ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ጠረጴዛ ሊያሠራ ነው። ሁለት ሜትር በአንድ። "ላዩ ግን ፈጽሞ መጣመም የለበትም" አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ከቦርሳው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ ከመዳፌ የማይበልጥ የባቡር ራስ። ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ነው የላከለት።

"መሄጃ እንሥራለት" አለኝ።

"ልሥራ" ሳይሆን "እንሥራ" ማለቱ ደስ አለኝ።

የተከራያት ክፍል ስለምትጠብ ሥራው የወርክሾፔ ጓዳ ውስጥ እንዲሆን ተስማማን። ሲያልቅ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ እንሰጠዋለን፤ እንደኔ ባቡር አይተው የማያውቁ ተማሪዎች ይዩት። ይህን ሲለኝ አባቴ ሲሞቱ የተዉልኝን የጥድ ጣውላ ከጣሪያው ሥር አወረድኩ። ስንት ዓመት ደርቆ መጣመሙን የጨረሰ እንጨት ነበር። ለማንም ደንበኛ ሰጥቼው አላውቅም።

ሐዲዱን ዘመዱ ይልካል፤ ምርጫው ግን የኛ ነው። አንደኛው ዓይነት ረጅም ነው፣ እንደፈለጉ ያጎብጡታል። ሌላው አጫጭር ቁራጭ ሆኖ ጫፍ ለጫፍ ይሰካካል። እኔ ረጅሙን አልኩ።

"መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር ሥራው ይላላል፤ ይኼን በር የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።"

"አጭሩ ይሻለናል። ከተሳሳትን ነቅለን እንደገና እንሰካዋለን" አለኝ። ባቡሩን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ተውኩለት።

ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈው ነገር ነው ያስቸገረን። ዘመዱ በላከው ሥዕል ላይ ቡሽ ነው፤ ሮቤ ላይ ቡሽ ከየት ይመጣል? ካርቶን ሞከርን፣ እርጥበት በላው። የፍራሽ ስፖንጅ አነጠፍን፣ ባቡሩ እያነከሰ ሄደ። ምንም ሳናነጥፍ ጣውላው ላይ ስናስኬደው ደግሞ ድምፁ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ጎባ ያለ ጫማ ሰፊ ለሶል የሚጠቀምበትን ላስቲክ አስታወስኩ። በሚኒባስ ሄጄ ሁለት ቅጠል ላስቲክ ይዤ መጣሁ። ጠርዙን በካተር ሰያፍ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ሐዲዱን አስቀመጥንበት፣ ባቡሩን ለቀቅነው።

"ሰማኸው?" አለኝ።

"ምኑን?"

"አይሰማም እኮ!"

ተቃቅፈን ሳቅን።

ኮላውን ስከፍት ግን እጄን ያዘኝ። "ኮላ አይሆንም። በትንንሽ ብሎን ብቻ እንሰረው።"

"ለምን?"

"የሮቤን ዝናብ አንተ ታውቀዋለህ። ምናልባት ሐዲዱን ማንሳት ቢያስፈልገንስ?"

ዝናብ ሲበዛ እንጨት ያብጣል፤ ለአናጢ ይህ የማይካድ ነገር ነው። ጠረጴዛውንም ለሁለት ከፍዬ መሐሉን በብሎን እንዳስረው ጠየቀኝ፤ በትምህርት ቤቱ በር እንዲገባ። እሱንም ሠራሁለት። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ከደጄ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘው ነበር። ወንድም የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ያ መጠበቁ ብቻውን ይበቃኝ ነበር።

ሥራው ባለቀ ሰሞን ለአክስቴ ልጅ ቤት በርና መስኮት ልገጥም ደሎ መና ወረድኩ። በአምስተኛው ቀን ስመለስ ጓዳው ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የጠረጴዛው እግሮች ያረፉበት ቦታ ብቻ ሰጋቱራ የለበትም።

"መምህሩ በጭነት መኪና መጥቶ ወሰደው" አለችኝ ባለቤቴ። "ባልሽ ያውቃል፣ ተነጋግረናል አለኝ። እኔም አብሬ ተሸከምኩለት።"

ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አንድ ባልደረባው በመገረም አየኝ። "ወደ አዳማ ተዛወረ እኮ! ደብዳቤው ከደረሰው ስድስት ወር ሆኖታል። አልነገረህም?"

ወሮቹን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ሐዲዱን ከመምረጣችን በፊት ነበር። አጭሩ ቁራጭ ይሻላል ያለኝ፣ ኮላ የከለከለኝ፣ ጠረጴዛውን ለሁለት ያስቆረጠኝ ሁሉ የሚሄድበትን ቀን እያሰበ ነው። ከዘረፋው በላይ ያመመኝ በገዛ ሙያዬ እውነት ማታለሉ ነው።

ደወልኩለት፤ አነሳው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ አትሠራልኝም ነበር" አለ።

ቢነግረኝ እኔው አሽጌ እጭንለት እንደነበር አያውቅም ማለት ነው። ያን ሁሉ ወር አጠገቤ ቆሞ አላወቀኝም።

ባለቤቴ ግን ጥፋቱን ወደ ራሷ አደረገችው። "በገዛ እጄ አውጥቼ ሰጠሁት" ትል ነበር፣ ስንት ጊዜ ተዪው ብላትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ መምህሩ የትምህርት ቤቱን የክሊራንስ ወረቀት ሊጨርስ ሮቤ መጣና ወርክሾፑ በር ላይ ቆመ። "አካም?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ፣ እንደ ድሮው። ግባ አልኩት። ባለቤቴ ሻይ አመጣች። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"የወሰድከው ይቅር። እሷ ጥፋት እንደሌለባት ግን አንተው ራስህ ንገራት።"

ብርጭቆውን እያዞረ ወደ እሷ ዞረ። "እኔ እኮ ነግሬው ነበር። ረስቶት ነው" አላት።

በመዶሻና በመጋዝ መሐል ቆሜ እጄን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ባለቤቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሱን ረዘም አድርጋ አየችው።

"መምህር፣ ሻይዎን ይጨርሱና ይሂዱ" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን ስትወቅስ ሰምቻት አላውቅም።