ቅጣቱን ተሸክሞ የሄደው አጎቴ

አጎቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ከከሚሴ የመጣ አንድ ዘመዳችን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ምስኪን፣ እንኳን ዐረፈ» አለ። ሐዘንተኛ ነኝ ብዬ ዝም አላልኩም። «ምስኪንስ አንተ!» አልኩት። ሴቶቹ እጄን ጎተቱኝ፤ ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አልተጸጸትኩም። ነገም መጥቶ ቢደግመው እኔም እደግመዋለሁ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ አባት የሆነኝም እሱ ነው። በቀድሞው ሠራዊት አሥር አለቃ ነበር። ሰሜን ላይ ፈንጂ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወሰደው። ሠራዊቱ ሲበተን ጨፋ ሮቢት ላይ ከጭነት መኪና በሁለት ክራንች ወረደ፤ «ደግፌ ላውርድህ» ያለውን ረዳት እየተሳደበ። እንዲህ ነበር። ከሚሴ ቢሮ ሄዶ «አካል ጉዳተኛ ይቅደም» ሲሉት ከሰልፉ መጨረሻ ሄዶ ይቆማል። እኛንም በዚህ ጠባዩ ያላንገበገበበት ቀን የለም፤ መልአክ ነበር ብዬ አልዋሽም።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ቅሬው፣ የመንደሩ የቀብር ማኅበር፣ ይጠራል። ወንዱ ዶማና አካፋውን ይዞ መቃብር ይቆፍራል፤ ሴቱ ውሃና ምግብ ይዞ ለቅሶ ቤት ይገባል። የቀረ ሰው በቅሬው ዳኛ ይቀጣል፤ ያኔ ቅጣቱ አንድ ቁና ማሽላ ነበር። ባለጸጋ ቢሆን፣ ሸህ ቢሆን፣ አይማርም።

አጎቴ በተመለሰ በሳምንቱ ጎረቤት ሞተና ዶማውን በገመድ ጀርባው ላይ አሥሮ ሄደ። ዳኛው፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያዩት እንባቸው መጣ። «አብሽር አሥር አለቃ፣ አንተ ጥላ ሥር ተቀመጥ። ቅሬው ከሥራ ነጻ አድርጎሃል» አሉት። ሁሉም «እውነት ነው» አለ። አጎቴ ያን ቀን ዶማውን ከጀርባው ሳይፈታ ወደ ቤት ገባ፤ ራቱንም አልበላም።

ለሚቀጥለው ቀብር ሲጠራ ከአልጋው ላይ አልተነሣም። ታሟል ብዬ ደነገጥኩ። «አልታመምኩም። ቀርቻለሁ» አለኝ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰብስቦ የቀሩ ሰዎች ስም ሲነበብ የእሱ ስም አልተነበበም። እሱም የሚጠብቀው ይህን ነበር መሰለኝ፣ በማግስቱ ከጎታው ማሽላ ሰፍሮ ጆንያ ውስጥ ከተተና ጀርባው ላይ አሠረ። «ልያዝልህ» ስለው በዓይኑ ገደለኝ። ይወድቃል ብዬ ከኋላው ከኋላው ተከተልኩት። ለሌላ ጉዳይ ዳኛው ግቢ የተቀመጡት ሽማግሌዎች መሐል ገብቶ ጆንያውን ዘረገፈው።

«ባለፈው ቀብር ቀርቻለሁ። ቅጣቴ ይኸው።»

«ማን ጠየቀህ?» አሉ ዳኛው ግራ ገብቷቸው። «አንተኮ እግርህን ለአገር የሰጠህ ሰው ነህ። ወላሂ አንተን የቀጣሁ እንደሆነ ሰው ምን ይለኛል? ይዘኸው ግባ።»

«ለኪ!» አለ። እምቢታው ሲብስበት አማርኛው ይጠፋበትና ወደ ኦሮምኛው ይሄዳል። ትንሽ ተነፈሰና «የሰጠሁት እግሬን ነው፤ እጄ አለ። ሌላው ሰው ሲቀር የሚቀጣ፣ እኔ ስቀር የማልቀጣ ከሆነ እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁማ። እንግዳ ነኝ። እንግዳ ካደረጋችሁኝ ንገሩኝና ልሂድ» አለ።

አንዱ «ቅጣት የሚለምን ሰው ዛሬ አየሁ» ብሎ ሳቀ፤ ማንም አልተከተለውም። ሽማግሌዎቹ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ እሰማለሁ፤ እሄዳለሁ ካለ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እናቴ ደግሞ ሌላ ወንድም የላትም። በመጨረሻ ዳኛው ወደ አጎቴ ሳያዩ «ማሽላውን አንሡት» አሉ። ተነሣ። አጎቴም ክራንቹን ይዞ ዞረ፤ አመሰግናለሁ እንኳን አላለም።

አሥር ቀን ሳይሞላ አንዲት አሮጊት ሞቱ። ዳኛው ቆፋሪዎቹን ሲጠሩ «አሥር አለቃ!» አሉ። እኛ ሴቶች ለቅሶ ቤት ስለነበርን መቃብሩን አላየሁም። የቆፈሩት በኋላ እንደነገሩን ግን ክረምት ነበር፣ የጨፋ ጥቁር አፈር ከዶማው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፤ አጎቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ፣ ተቀምጦ ነበር የሚቆፍረው። ጎበዝ ቆፋሪ ነበር እንዳልል አልነበረም። ተራውን ግን ለሰው አልሰጥም አለ። ሬሳ ይቸኩላል፣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ዝናቡ እያጉረመረመ ነው።

ወደ ቤት ሲመጣ ጭቃው አንገቱ ድረስ ደርሶ ነበር። ምን ደርሶበት ነው ብዬ ውሃና ጨርቅ ይዤ ሮጥኩ።

«ተቆጡኝ!» አለኝ።

«ማን?»

«ዳኛው ናቸዋ! በሰው ሁሉ ፊት! ‹አንተ ሰውዬ፣ እስከ መግሪብ ሬሳ ልታቆምብን ነው ወይ? ፈጠን በል እንጂ!› ብለው ጮኹብኝ።»

ከተመለሰ ጀምሮ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳቁ እንባ በእንባ አደረገው። አንገቱን ስጠርግለት ዝም አላለም፤ እናቴ ስትገባ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረላት፣ ጎረቤት ሲመጣም እንደገና። ሦስተኛ ጊዜ ሲያወራውማ ዳኛው ዶማ ሊወረውሩበት ምንም አልቀራቸውም።