ፍሬን ሠሪው ጋሽ ወርቁ እና የእኔ ዝምታ

ጋሽ ወርቁን ለምታውቁ ሁሉ፦ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ቀራንዮ ባለው ቤታቸው፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው ሳሉ ዐርፈዋል። ረቡዕ ቀብረናቸዋል። በኮልፌ 18 ማዞሪያ መኪና ነድቶ የእርሳቸውን ግቢ የማያውቅ ሹፌር ያለ አይመስለኝም። እኔ ከቤቴል አየር ጤና ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ይሁንና የምናገረው ነገር አለኝ፤ ሌላ ሰውም ሊናገርልኝ አይችልም።

ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ባለተሳቢ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። በዚያ ዘመን ሹፌር ማለት ሙቀቱንም፣ ገደሉንም፣ ጥገናውንም ብቻውን የሚችል ሰው ነበር። አንድ ቀን ከፊታቸው ይሄድ የነበረው የልብ ጓደኛቸው መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጠሰ። የጓደኛቸውን አስከሬን ከገደል ያወጡት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ረጅም መንገድ አልወጡም፤ ኮልፌ መጥተው ፍሬን ብቻ የሚሠራ ጋራዥ ከፈቱ። ሞተር ሥሩልን የሚል ቢመጣ «እሱን ሌላ ጋ ውሰደው። መኪና ማስኬድማ ስንቱ ይችላል፤ እኔ የምሸጠው መቆሙን ነው» ይሉ ነበር።

ሥራው ሳያልቅ የመኪናው ቁልፍ ከኪሳቸው አይወጣም፤ ቢለምኗቸውም ቢቆጧቸውም ያው ነው። ሲጨርሱ ደግሞ ዘይት የነካውን ቱታቸውን ሳያወልቁ ጋቢና ይገቡና «ሰው ከመጫንህ በፊት እኔን ጫነኝ» ብለው ቁልቁለቱን አብረው ይወርዳሉ። ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ሲመጡ፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች ለጎማ ታኮ አድርገው አስፋልት ላይ ትተውት የሄዱትን ድንጋይ እያነሱ ከዳር ያስቀምጡ ነበር። «ይቺን ጥሎ የሄደው ሰውዬ አሁን ቁርሱን እየበላ ነው» ብለው ይነጫነጫሉ። ሲነጫነጩ ደስ ይሉኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ የእኔ ሚኒባስ እርሳቸው ጋ ቆማ ነበር። ዘይት የምታፈስ አንዲት የፍሬን ቱቦ መቀየር ነበረባት፤ ዕቃው ግን አልተገኘም። «ከበዓል በኋላ» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። መንገደኛው በየፌርማታው ተሰልፎ ሳይ የበዓሉ ገቢ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ምሳ ሊበሉ ገባ ሲሉ በትርፍ ቁልፍ አስነስቼ ወጣሁ። ሁለት ዙር ደህና ሠራሁ። በሦስተኛው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ወለሉን ነካ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገልኩ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ላይ ወጣሁ። ሰው አልሞተም። ጋቢና የተቀመጡት የጋሽ ወርቁ ሰፈርተኛ ወይዘሮ አስካለ ግን ክንዳቸው ተሰበረ።

ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ተባለ። ጋሽ ወርቁም ተጠርተው መጡ።

«መኪናዋ ከየት ነው የወጣችው?» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ከጋሽ ወርቁ ጋራዥ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞረ። ጥቂት አዩኝና «አዎ፣ ከእኔ ግቢ ነው የወጣችው» አሉ፤ ጥፋቱም የእርሳቸው ተደርጎ ተቆጠረ።

ውጭ ስንወጣ እጃቸውን ያዝኩ። «ጋሽ ወርቁ፣ ተመልሼ ልንገራቸው?»

«መንጃ ፈቃድህን ቢነጥቁህስ? ሦስት ልጅ አለህ» አሉኝ። «ትርፍ ቁልፍ እንዳለህ እያወቅሁ ጎማ አለማውለቄ የእኔም ጥፋት ነው። አንተ ብቻ ማልልኝ፤ ከእንግዲህ ሰው ጭነህ ከመነሳትህ በፊት ፍሬንህን ትሞክራለህ።»

ማልኩ፤ መሐላዬንም እስከ ዛሬ ጠብቄአለሁ። ነገር ግን «የጋሽ ወርቁ ፍሬን ያዝ ለቀቅ ነው» የሚል ወሬ በታክሲ ተራው ተዛመተ፤ ደንበኞቻቸውም ለረጅም ጊዜ ራቁ። እኔ እዚያው ተራ ላይ ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ታመው ልጠይቃቸው ስሄድ «እውነቱን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ልላቸው ቆርጬ ነበር። ክፍሉ በጠያቂ ተሞልቶ ሳይ ወኔዬ ከዳኝ። እርሳቸው ግን «ፍሬንህ እንዴት ነው?» አሉኝ በደከመ ድምፅ። «ደህና ነው» ብዬ ወጣሁ።

ወይዘሮ አስካለ የጋሽ ወርቁ እድር አባል ናቸውና ለቅሶ መጥተው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። «እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዘመን በደጃቸው ሳልፍ ሰላምታ ነፍጌያቸዋለሁ» አሉ፤ «እሳቸው ግን ቆባቸውን አንስተው እጅ ይነሱኝ ነበር።» ከዚያ አለቀሱ። እኔን አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ወርቁ፣ ሰው ሁሉ ይስማ፦ ያቺን ሚኒባስ ያለ ፈቃድዎ ከግቢዎ ያወጣኋት እኔ ነኝ። እጅዎ ያበላሸው ፍሬን አልነበረም። ይህን መናገር የነበረብኝ እርስዎ በሕይወት ሳሉ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ነበር። አፈሩ ይቅለልዎ፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ ብለው የሚሸከሙት ነገር የለም። ወይዘሮ አስካለ በአርባዎ ዕለት መቃብርዎ ድረስ መጥተው ይቅርታ ሊጠይቁዎ ነው። እኔም እመጣለሁ፤ ከኋላቸው ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ።