ከኮከቧ በኋላ የገባች ክፍተት

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ቢሆንም ሥራ የያዝሁት ሞጣ ነው። በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ፕሮጀክት ታይፒስት ነበርሁ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር መጣልን። ሥዕል የሚባል የለውም፤ ጥቁር መስታወቱ ላይ ትእዛዝ ሲጻፍለት የሚሠራ፣ ዩኒክስ የሚሉት ነው። ይዞት የመጣው ባለሙያ ዐሥር ቀን አስተምሮኝ ተመለሰ። ከሞጣና ከቢቸና በቅጽ የመጣውን የጉድጓድ ዝርዝር ማስገባት ሥራዬ ሆነ። ls ብዬ ስጽፍ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝርልኛል፤ grep ብዬ የቀበሌና የፋይል ስም ስጨምር የዚያን ቀበሌ ጉድጓዶች ብቻ ለቅሞ ያወጣልኛል። ግማሽ ቀን መዝገብ የምናገላብጥበትን ነገር በቅጽበት ሲያመጣው ደስ ይለኝ ነበር።

rm ማጥፊያ ነው። አንድ ዓርብ፣ ስማቸው መጨረሻ ላይ .old ያለባቸውን አሮጌ ረቂቆች ላጠፋ rm *.old ልጽፍ አሰብሁ። ኮከቧ «ማንኛውም» ማለት ናት። ጣቴ ከኮከቧ ቀጥሎ ክፍተት ጨመረ። ማሽኑ ሁሉን አጥፋ የተባለ መሰለውና ሁሉን አጠፋ። ls ብዬ ብጽፍ ምንም አልወጣም። ግልባጭ የምንይዝበት ዲስኬት ገና አልደረሰንም ነበር።

ተነሥቼ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ፣ የአራት ወር ሥራ አጠፋሁ» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ወረቀቱ አለ?»

«የሞጣው አለ። የቢቸናው ተመልሶ ሄዷል።»

«እንግዲያ ሰኞ ቢቸና ነሽ» አሉኝ። ቁጣ ስጠብቅ የጉዞ ደብዳቤዬን መጻፍ ጀመሩ።

በጭነት መኪና ጋቢና፣ በጉንደ ወይን በኩል ስንንገጫገጭ ዋልን። የቢቸናው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ቅኔ የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቅጾቹን በየቀበሌው ለይተው በሲባጎ አስረዋቸዋል። የሆነውን ስነግራቸው ክፍተቷን በወረቀት ላይ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

«ይኸማ የኛ የቅኔ ቤት ነገር ነው፣ ልጄ» አሉ ፈገግ ብለው። «ቃል አለቦታው የሰነጠቀ ተማሪ ምሥጢሩን ያጠፋዋል። እኛም ከመቀኘታችን በፊት ለራሳችን እናነበንበው ነበር።»

ሞጣ ተመልሼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፍሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከማጥፋቴ በፊት በrm ፈንታ ls ጽፌ፣ የቀረውን እንዳለ እተወዋለሁ፤ የሚጠፉት ተዘርዝረው ሲወጡ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። ልክ ከሆኑ ብቻ lsን በrm እለውጣለሁ። rm ላይ -i ስጨምር ደግሞ እያንዳንዱን ፋይል እየጠየቀኝ እንደሚያጠፋ ደረስሁበት።

ዝርዝሩ ተሞልቶ ሲያልቅ አለቃዬ ሁለት አዲስ ሠራተኞች አምጥተው «አስተምሪያቸው» አሉኝ።

«ያን ሁሉ ያጠፋሁት እኔ?»

«አሁን ከሁላችን ይልቅ የምትጠነቀቂው አንቺ ነሽ።»

በማግሥቱ ሁለት ወንበር ፈልጌ ከጎኔ አስቀመጥኋቸው።